ጩኸቱ የጎማ ነው ወይስ የኩሽኔታ?
ጎማ ለሚያስመጡ፣ ለሚሸጡና መኪና ለሚያሠሩ ነጋዴዎች የተዘጋጀ ማብራሪያ

ጎማ በሚሸጥበት ሱቅ ሁሉ በየጊዜው የሚነሣ አንድ ክርክር አለ። ደንበኛው አራት አዲስ ጎማ ገዝቶ ከሄደ ከጥቂት ወራት በኋላ ተመልሶ ይመጣና «የሸጡልኝ ጎማ ይጮኻል፤ ከከተማ ወጥተን ፍጥነት ስንጨምር በመኪናው ውስጥ መነጋገር እንኳ አልቻልንም፤ ገንዘቤን ይመልሱልኝ» ይላል። ሻጩም በበኩሉ «ጎማው ደኅና ነው፤ የሚጮኸው መኪናዎ ነው» ሲል ይመልሳል። ሁለቱም ያልመረመሩትን ነገር እንደ ተረጋገጠ አድርገው ስለሚናገሩ ክርክሩ ማለቂያ የለውም። በመጨረሻ ወይ ደንበኛው ተቀይሞ ይሄዳል፤ ወይም ነጋዴው ምንም ጉድለት የሌለበትን ጎማ መልሶ ተቀብሎ እንደ አሮጌ ዕቃ በኪሳራ ይሸጠዋል።

ከዚህ የሚከፋው ግን ሌላ ነው። በመንኰራኵሩ ሞዞ ውስጥ ያለው ኩሽኔታ መበላሸት ሲጀምር የሚያሰማው ድምፅ ከጎማ ድምፅ ጋር እጅግ ስለሚመሳሰል ብዙ ጊዜ የሠለጠነ ጆሮ እንኳ ያሳስታል። ባለመኪናው ጎማው ነው ብሎ ጎማ ይለውጣል፤ ጩኸቱም አይጠፋም፤ ቀስ በቀስ ጆሮው ይለምደዋል። ኩሽኔታው በዚህ ጊዜ ሁሉ እየጋለና እየላላ ይሄዳል፤ በጊዜው ካልተለወጠም መንኰራኵሩን እስከ ማናጋት፣ ከዚያም አልፎ እስከ ማስወጣት ሊደርስ ይችላል። ዕቃ ጭኖ ከሞጆ ወደ አዲስ አበባ በሚመጣ መኪና ላይ ይህ ቢደርስ ጉዳቱ በጎማ ዋጋ የሚገመት አይደለም።

ሁለቱን ለይቶ ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ ክሪክና ሁለት ጠንካራ መቆሚያ፣ አንድ የአየር መለኪያ፣ ጥቅል የወረቀት ፕላስተር፣ ከነጂው ጎን ተቀምጦ የሚያዳምጥ አንድ ሰው፣ የግማሽ ቀን ጊዜም ይበቃል። መመሪያውም አጭር ነው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ፣ ከዚያም ድምፁ ተለወጠ ወይስ አልተለወጠም ብሎ መጠየቅ። ጎማም ኩሽኔታም አሞርዛተርም በአንድ ቀን የሚያስለውጥ ሰው ጩኸቱ ቢጠፋለት እንኳ ከየት እንደ መጣ አያውቅም፤ ከሦስቱ ዕቃዎች የሁለቱንም ዋጋ በከንቱ ከፍሏል።

አስቀድሞ ጎማ ለምን እንደሚጮኽ መረዳት ይጠቅማል። ጎማ በሚሽከረከርበት ጊዜ እያንዳንዱ ጥርስ መንገዱን ይመታል፤ በጥርሶቹ መካከል የተያዘው አየርም እየተጨመቀ ይወጣል። 205/55 አር 16 የተባለው የተለመደ ልክ ያለው ጎማ ዙሪያው 2 ሜትር ያህል ነው። መኪናው በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በሰከንድ 20 ሜትር ይጓዛልና ጎማው በሰከንድ 10 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። በዙሪያው 70 ጥርሶች ቢኖሩ በሰከንድ 700 ምት ይሆናል፤ ይህም እንደ ዋሽንት ጥርት ብሎ የሚሰማ ድምፅ በሆነ ነበር። ፋብሪካዎች ይህን ስለሚያውቁ ጥርሶቹን አንዱን ሰፋ ሌላውን ጠበብ አድርገው በማዘበራረቅ ድምፁ በአንድ ቃና እንዳይሰበሰብና ወደ ሹክሹክታ እንዲበተን ያደርጋሉ። እንግዲህ አዲስ ሳለ የማይጮኽ ጎማ ኋላ መጮኽ ሲጀምር ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይህ ሥርዓት መፍረሱ ነው፤ ይኸውም ጥርሶቹ እኩል ሳይሆን ተዛብተው ስለሚያልቁ ነው።

በዛሬዎቹ ትንንሽ አውቶሞቢሎች በእኩል ፍጥነት በሚነዱበት ጊዜ በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ የጎማው ድምፅ ከሞተሩ ድምፅ ይበልጣል። ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር የጎማው ድምፅ ወደ 10 ዴሲቤል ያህል ከፍ ይላል። በከተማ መንገድ መጨናነቅ ውስጥ ብቻ የሚነዳ ሰው ከዓመት በኋላ አንድ ቀን በአዲስ አበባና አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ ሲወጣ «መኪናዬ ዛሬ ተበላሸ» የሚለው ለዚህ ነው። ጩኸቱ ዛሬ አልመጣም፤ የሚሰማበት ፍጥነት ግን ዛሬ ተገኘ።

ወደ ምርመራው እንመለስ። የመጀመሪያው ፈተና መንገዱን መለወጥ ነው። ጠጠሩ ወጣ ወጣ ካለ ሻካራ አስፋልት ወደ ለስላሳ አስፋልት ሲገባ ፍጥነቱን ሳይለውጡ ማዳመጥ ያስፈልጋል። ድምፁ ከመንገዱ ጋር አብሮ ቢለወጥ የጎማና የመንገድ ነው። በሻካራውም በለስላሳውም ያው አንድ ዓይነት ጉምጉምታ ሆኖ ቢቀጥል ግን ኩሽኔታ ወይም ዲፈረንሻል ሊሆን ይችላልና ምርመራውን መቀጠል ይገባል።

ቀጥሎ ማንም በማይከተልበት ሜዳ መንገድ ላይ ማርሹን ወደ ፎሌ አውጥቶ መኪናው በራሱ ኃይል እንዲሄድ መተው ነው። የሞተሩ ዙር ወርዶ ሳለ ጩኸቱ ከመኪናው ፍጥነት ጋር ብቻ እየቀነሰ ቢሄድ ሞተሩ ከደሙ ንጹሕ ነው። ነዳጅ ሲሰጡ የሚጮኽና ሲለቁ ዝም የሚል፣ ወይም በተቃራኒው የሆነ ድምፅ ደግሞ ጣቱን ወደ ዲፈረንሻል ይጠቁማል። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ መኪናው በሚንቀሳቀስበት ጊዜ ቁልፉን ፈጽሞ ማጥፋት አይገባም። መሪው ሊቆለፍ፣ ፍሬኑም ሊከብድ ይችላል። በቁልቁለት ላይም ይህ ፈተና አይደረግም።

ሦስተኛው ፈተና ኩሽኔታን የሚያጋልጥ ነው። ሰፊና ባዶ በሆነ መንገድ ላይ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ያህል እየነዱ መሪውን በዝግታ ወደ ቀኝ፣ ከዚያም ወደ ግራ ማዘንበል ነው። መኪናው ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ክብደቱ በግራ መንኰራኵሮች ላይ ያርፋል። በዚህ ጊዜ ጉምጉምታው ጎልቶ ወደ ግራ ሲታጠፍ ቢቀንስ፣ ብዙ ጊዜ የተበላሸው የግራው ኩሽኔታ ነው። የጎማ ድምፅ በእንዲህ ያለው ለስላሳ መታጠፍ ያን ያህል አይለዋወጥም። ጥርጣሬውን ለማረጋገጥ መኪናውን በክሪክ አንሥቶ በመቆሚያ ላይ ማሳረፍ፣ ሌሎቹን ጎማዎች በድንጋይ ማገድ፣ ከዚያም አንድ እጅ በሞላው ላይ አድርጎ በሌላው መንኰራኵሩን ማሽከርከር ነው። ደኅና ኩሽኔታ ዝም ብሎ ይዞራል፤ የተበላሸው ግን አሸዋ እንደ ገባበት ወፍጮ ሆኖ በሞላው በኩል ለእጅ ይሰማል። ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ ሲነቀንቁትም የሚወዛወዝ ከሆነ ያ መኪና ሳይጠገን ወደ መንገድ መውጣት የለበትም።

አራተኛው ፈተና ነጋዴዎች የማይጠቀሙበት፣ ሆኖም በጣም ርካሹ ነው። ጎማዎቹ ቀዝቅዘው ሳለ አየሩን 5 ወይም 6 ፒ.ኤስ.አይ. ከፍ ማድረግና በዚያው መንገድ በዚያው ፍጥነት መንዳት ነው። በጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ ልክ ፈጽሞ ማለፍ አይገባም። የድምፁ ቃና ቢለወጥ ጎማ ነው፤ ምክንያቱም ኩሽኔታ አየሩ መጨመሩን አያውቅም። ከፈተናው በኋላ አየሩን በነጂው በር አጠገብ በተለጠፈው ልክ መመለስ ያስፈልጋል።

ክርክሩን የሚዘጋው ግን የፊቱንና የኋላውን ጎማ ማለዋወጥ ነው። ጩኸቱ በፊት ከነበረ፣ የፊቱን ጎማዎች ወደ ኋላ የኋላውን ወደ ፊት አድርጎ እንደገና መንዳት ነው። ድምፁ ከጎማው ጋር ወደ ኋላ ቢሄድ ወይም በግልጽ ቢለወጥ ጥፋቱ ከጎማው ጋር ተጓዘ ማለት ነው፤ ድምፁ በነበረበት ቢቀር ግን ጎማው ነጻ ወጣ። ሻጩና ገዢው አብረው በመኪናው ውስጥ ተቀምጠው ይህን ቢያደርጉ ከማናቸውም ሽማግሌ ይልቅ ያስታርቃቸዋል። በጎኑ ላይ የአቅጣጫ ቀስት ያለው ጎማ በዚያው ጎን ብቻ ከፊት ወደ ኋላ ይለወጣል። የፊትና የኋላ ልካቸው የተለያየ ጎማዎችን ግን ማለዋወጥ አይቻልም። የመንኰራኵሩ ዳዶዎች በታዘዘው ልክ መጥበቅ፣ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላም እንደገና መታየት አለባቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ጎማው ጮኸ ማለት ጎማው መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ይህን የማይለይ ነጋዴ ነው በየጊዜው የሚከስረው። መዳፍን በጥርሶቹ ላይ አሳርፎ በዙሪያው መጀመሪያ ወደ ፊት፣ ከዚያም ወደ ኋላ መዳበስ ነው። በአንዱ አቅጣጫ ለስላሳ፣ በሌላው ግን እንደ መጋዝ ጥርስ የሚቧጥጥ ከሆነ ጥርሶቹ በአንድ ጠርዛቸው ብቻ እያለቁ ነው። ከውስጥ ወደ ውጭ ሲዳብሱትም እንዲሁ ቢቧጥጥ፣ የመንኰራኵሮቹ አቅጣጫ ልክ፣ በጋራዦቻችን አላይመንት የሚባለው፣ ተዛብቷል፤ ጎማው ቀጥ ብሎ በመሽከርከር ፈንታ በየሜትሩ ጥቂት ወደ ጎን እየተጎተተ ነው። በዙሪያው እዚህም እዚያም እንደ ሳህን ጎድጎድ ያሉ ቦታዎች ቢገኙ ደግሞ ብዙ ጊዜ ደካማ አሞርዛተር ወይም ያልተመዛዘነ መንኰራኵር ነው፤ ጎማው መንገዱን እየረገጠ ሳይሆን እየዘለለ ሄዷል። በእነዚህ ሁሉ ጩኸቱ የጎማው ነው፤ ጥፋቱ ግን የመኪናው ነው። አዲስ ጎማ ቢገባም አሞርዛተሩ ወይም አላይመንቱ እስካልተስተካከለ ድረስ ያው ጩኸት መመለሱ አይቀርም፤ ደንበኛውም በሁለተኛው ጊዜ የሚያማርረው ያንኑ ሻጭ ነው።

ሻጩና አስመጪው የሚጠየቁበት ጊዜም አለ፤ ይህን ሸሽገን ማለፍ አይገባንም። ላስቲክ ሲያረጅ ይደርቃል፤ የደረቀ ጎማም ይጮኻል፣ በዝናብም ጊዜ መንገድ አይዝም። በጎማው ጎን ላይ ዲ.ኦ.ቲ. ከሚለው ምልክት መጨረሻ ያሉት አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ያሳያሉ፤ 2319 የሚል ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። አስመጪው ጭነቱን ሲቀበል ይህን ቍጥር ቢመለከት መልካም ነው፤ ደንበኛው አንድ ቀን ማንበቡ አይቀርምና። መጋዘኑም ቀዝቃዛ፣ ደረቅና ጨለማ መሆን፣ ከነዳጅና ከቅባት፣ እንዲሁም ኦዞን ከሚያወጡ የኤሌክትሪክ ሞተሮችና የብየዳ መሣሪያዎች የራቀ መሆን አለበት። በሱቅ ደጃፍ ላይ ለጌጥ ተብሎ በፀሐይ የሚከመር ጎማ በየቀኑ ዋጋውን እያጣ ነው።

በወደብ ላይ ለረዥም ጊዜ የቆመ መኪናም የራሱ ጣጣ አለው። በጅቡቲ ሙቀት ለወራት በአንድ ቦታ የቆመ አውቶሞቢል ጎማው መሬት በነካበት በኩል ጠፍጠፍ ይላል። መኪናው መነዳት ሲጀምር በየዙሩ «ዱብ ዱብ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ጎማው ጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች ተነድቶ ሲሞቅ ከጠፋ ምንም አይደለም፤ ከጠፋ በኋላም ካልተመለሰ ነገሩ አብቅቷል። ሞቆም የማይጠፋ ከሆነ ግን ጎማው ቅርጹን ለዘለዓለም አጥቷልና መኪናውን የሚሸጠው ሰው አስቀድሞ ሊለውጠው ይገባል።

ሌላው የሻጩ ግዴታ መናገር ነው። ለጭቃ መንገድ የተሠራ ባለ ትልልቅ ጥርስ ጎማ በአስፋልት ላይ መጮኹ ጠባዩ ነው። መልኩን ወዶ ለፒክአፑ የሚገዛ የከተማ ሰው ይህን ከሻጩ አፍ አስቀድሞ ካልሰማ ኋላ ተታለልሁ ቢል አይፈረድበትም። እንዲሁም የአቅጣጫ ቀስት ያለው ጎማ ተገልብጦ ቢገጠም ድምፁ ሊጨምር፣ ውኃ የማስወጣት ችሎታውም ሊቀንስ ስለሚችል ጎሚስታው ከመግጠሙ በፊት ቀስቱን እንዲያይ ማሳሰብ ያስፈልጋል።

ከአውሮፓ የሚመጣ ጎማ ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት የሚመለከት አንድ የተለመደ ስሕተትም አለ። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ እ.ኤ.አ. ከሜይ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ጎማዎች የድምፃቸው መጠን በዴሲቤልና ኤ፣ ቢ ወይም ሲ በሚል ደረጃ ተጽፎ እንዲቀርቡ ያዛል። ሦስት ዴሲቤል ጥቂት ቢመስልም የድምፁን ኃይል እጥፍ የሚያደርግ ነው። ነገር ግን ይህ ልክ የሚወሰደው ሞተሩ ጠፍቶ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ያህል የሚያልፍ አውቶሞቢል ከሚሄድበት መስመር መካከል በ7.5 ሜትር ርቀት በቆመ ማይክሮፎን ሲሰማ ነው። በመንገድ ዳር ያለው ሰው የሚሰማውን እንጂ በውስጥ የተቀመጠው የሚሰማውን አይናገርም። ስለዚህ «ደረጃው ኤ ነው፤ በመኪናዎ ውስጥ ጸጥታ ይሆናል» ብሎ ተስፋ የሚሰጥ ሻጭ ወረቀቱ ያላለውን ይናገራል።

ጎማም ኩሽኔታም ያልሆኑትን በአጭሩ እንለፋቸው። በዝግታ ሲሄዱ «ጠቅ ጠቅ» የሚል፣ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ላይ በሰከንድ አምስት ጊዜ የሚቈጠር ድምፅ ብዙውን ጊዜ በጥርስ መካከል የተሰካ ጠጠር ነው፤ በመፍቻ ይወጣል፤ ሚስማር ከሆነ ግን ጥገናው በተዘጋጀበት ቦታ ይነቀል። የሚፋጭ የብረት ድምፅ ከፍሬኑ ዲስክ ኋላ ያለው ስስ ቆርቆሮ ተጣሞ ወይም ድንጋይ ገብቶበት ሊሆን ይችላል። ሙሉ ሲታጠፉ የሚንቋቋ ከሆነ ኃይል ወደ ፊት ጎማ የሚያደርሰው መጋጠሚያ አልቋል። ነፋስ በሚነፍስበት አቅጣጫ የሚለዋወጥ ፉጨት ደግሞ የበር ጎሚኒ ነው፤ የበሮቹን ክፍተት በወረቀት ፕላስተር ሸፍኖ እንደገና መንዳት፣ ከዚያም አንድ አንዱን እየላጡ ማዳመጥ ቦታውን ያሳያል። የጣራ ዕቃ መጫኛም ሳይጠረጠር ይቀራል፤ ለአንድ ቀን ቢወርድ ምንም አይጐዳም።

በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ከተገለጸ ወዲህ፣ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል የገዙ ሰዎች አዲስ ቅሬታ ይዘው ወደ ጎማ ሻጮች መምጣታቸው የሚጠበቅ ነው። በእነዚህ መኪናዎች የሞተር ድምፅ ስለሌለ የተሸፈነው ሁሉ ይገለጣል፤ ባትሪው ከባድ ስለሆነም ጎማው የበለጠ ይጫናል። በተለይ ጉድጓድ ወይም የመንገድ መገጣጠሚያ ሲረግጡ «ጓ» ብሎ የሚያስተጋባው ድምፅ ብዙ ጊዜ ጉድለት አይደለም። በጎማው ውስጥ ያለው አየር በቀለበት ቅርጽ የተዘጋ ነው፤ የዚህ ቀለበት ዙሪያ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ሲሆን ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ አየሩ በሰከንድ ወደ 220 ጊዜ ይርገበገባል። ይህን ለመቀነስ አንዳንድ ፋብሪካዎች በጎማው ውስጥ ስፖንጅ ይለጥፋሉ። ጎሚስታው እንዲህ ያለውን ጎማ ሲጠግን ስፖንጁን በተበሳው ቦታ ብቻ አንሥቶ መመለስ አለበት። እንደ ቆሻሻ ቀዶ ቢጥለው ደንበኛው በማግሥቱ «ጎማዬ መጮኽ ጀመረ» ይላል፤ እውነቱንም ነው።

የድምፅ መከላከያ ሬንጅና ላስቲክ ሉሆችን በሚመለከት አስተያየቴ ይህ ነው፤ ምርመራው ካለቀና መኪናው ደኅና መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ቢለጠፉ ይጠቅማሉ፤ ከዚያ በፊት ግን የኩሽኔታን ጩኸት ከባለቤቱ ጆሮ የሚሸሽጉ መጋረጃዎች ናቸው። ሲለጠፉም በበሮቹና በወለሉ ሥር ያሉት የውኃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎች መደፈን የለባቸውም፤ አለዚያ ውኃው ቆርቆሮውን ከውስጥ ይበላዋል።

ለጎማ ሻጮች የሚቀረው የደረሰኙ ነገር ነው። በሽያጩ ቀን የጎማዎቹ የሥራ ሳምንትና ዓመት፣ የተሞላው አየር ልክ፣ የመኪናው ኪሎ ሜትር ቍጥር፣ እንዲሁም አላይመንቱና ሚዛኑ መታየት አለመታየታቸው በአንድ መስመር በደረሰኙ ላይ ቢጻፍና ደንበኛው ቢፈርምበት፣ ጎማው ከ5,000 ኪሎ ሜትር በኋላ ይጮኻል ተብሎ ሲመለስ ሁለቱም ወገኖች የሚያነቡት ወረቀት ይኖራል። አላይመንት እንዲያሠራ ተነግሮት እምቢ ያለ ደንበኛ ካለም ይኸው በደረሰኙ ላይ በግልጽ ይመዝገብ።